ከመቃብር በላይ የዋለ ስም

የላይፕዚግ ከተማ የኳስ ክለብ ታሪክ

ስለ እግር ኳስ ሲነገርም ሆነ ሲጻፍ ዘወትር የሚወሳው ዋንጫ የበዛላቸውና ባለጠጋ የሆኑት የታላላቆቹ ክለቦች ገድል ነው። በዝቅተኛው ዲቪዚዮን ሆነው በየሳምንቱ የሚጫወቱት ትንንሾቹ ክለቦች ግን እንኳንስ በሩቅ አገር በገዛ ከተማቸውም ብዙ አይወራላቸውም። እኛ በዛሬው ጽሑፋችን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ከነዚህ ከትንንሾቹ መካከል የአንደኛውን ታሪክ ነው። ይህ ክለብ የሚገኘው በጀርመን አገር፣ በሳክሶኒ ክፍለ ሀገር፣ በላይፕዚግ ከተማ ነው። ሙሉ ስሙ «አንደኛ የእግር ኳስ ክለብ ሎኮሞቲቭ ላይፕዚግ» ሲሆን፣ ሎኮሞቲቭ ማለት ፉርጎዎቹን ሁሉ ከፊት ሆኖ የሚስበው የባቡር ሞተር ነው። ወዳጆቹ አሳጥረው «ሎክ» ይሉታል።

ክለቡ ዛሬ ትንሽ ይባል እንጂ ትንሽ ሆኖ አላደገም። በጀርመን አገር ታሪክ የመጀመሪያውን የእግር ኳስ ሻምፒዮንነት ያገኘ እርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ሁለት የዓለም ጦርነቶች፣ የመንግሥታት ለውጥና ዕዳ ተፈራርቀውበት ስሙ ከስምንት ጊዜ ያላነሰ ተለውጧል፤ ሁለት ጊዜም በሕግ ፊት ጨርሶ ፈርሷል። ይሁን እንጂ እስካሁን ድረስ ሳይጠፋ ቈይቷል። ይህን ያህል መከራ ችሎ ሊኖር የቻለበት ምክንያት ኳስ ለሚወዱ ብቻ ሳይሆን፣ ማኅበራትን ለሚያቋቁሙ፣ ለሚመሩና ለሚቈጣጠሩ ሹማምንትም ትምህርት የሚሰጥ መስሎ ስለ ታየን ታሪኩን ከመሠረቱ አንሥተን እንተርካለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

የመጀመሪያው ሻምፒዮን

የክለቡ ሰዎች የማኅበራቸውን ልደት የሚቈጥሩት ከ1893 ጀምሮ ነው። በዚያ ዘመን እግር ኳስ ለጀርመኖች ከእንግሊዝ አገር የመጣ እንግዳ ጨዋታ ነበር። ብዙዎቹ የጂምናስቲክ መምህራንም ለወጣቶች የማይገባ፣ ሥርዓት የሌለው የእግር ርግጫ ነው እያሉ ይንቁት ነበር። ሆኖም የንግድ፣ የመጽሐፍ ማተሚያና የዩኒቨርሲቲ ከተማ የሆነችው ላይፕዚግ ጨዋታውን ፈጥነው ከተቀበሉት ከተሞች አንዷ ሆነች። የዚያ ጊዜ ስሙ «የሰውነት እንቅስቃሴ ጨዋታዎች ማኅበር» ማለት ሲሆን፣ ጀርመኖች በፊደል አሳጥረው «ፋው ኤፍ ቤ ላይፕዚግ» ይሉታል።

በ1900 ጃንዋሪ 28 ቀን፣ ይኸውም የዐድዋ ድል ከሆነ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ የ86 ክለቦች ወኪሎች በዚያው በላይፕዚግ ከተማ ማሪየንጋርተን በሚባል ምግብ ቤት ተሰብስበው የጀርመንን የእግር ኳስ ፌዴሬሽን መሠረቱ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት በፕራግ ከተማ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ፈርዲናንድ ሁፐ ነበሩ።

ከሦስት ዓመት በኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሻምፒዮና ተደረገ። የፍጻሜው ግጥሚያ በ1903 ሜይ 31 ቀን ከሐምቡርግ አጠገብ በምትገኘው በአልቶና የተደረገ ሲሆን፣ ተጋጣሚዎቹም የላይፕዚጉ ማኅበርና በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ውስጥ ከነበረችው ከፕራግ የመጣው የጀርመኖች ክለብ ነበሩ። አስቀድሞ ያገባው የፕራጉ ክለብ ነው። እስከ ዕረፍት ድረስ አንድ ለአንድ ሆነው ቈዩ። ከዕረፍት በኋላ ግን ላይፕዚጎች በርትተው ሰባት ለሁለት አሸነፉና ቪክቶሪያ የምትባለውን ሐውልት የመጀመሪያ ተሸላሚ ሆኑ። በ1906 እና በ1913 ደግሞ ሻምፒዮንነቱን ደገሙትና ሦስት አደረሱት።

በ1914 ሜይ 31 ቀን ለአራተኛ ጊዜ ሊወስዱ ከፉርት ከተማ ክለብ ጋር ገጠሙ። በተወሰነው ሰዓት ስላልተሸናነፉ ጨዋታው እየተራዘመ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ከሄደ በኋላ ፉርቶች ሦስተኛውን ግብ አግብተው ሦስት ለሁለት አሸነፉ። ሁለት ወር ያህል ቈይቶ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ የኳሱም የክብር ዘመን ከዚያ ላይ ተቋረጠ።

ከጦርነቱ በኋላ ማኅበሩ በ1922 ፕሮብስትሃይዳ በሚባለው የከተማው ዳርቻ የራሱን ሜዳ አስመረቀ። ቦታው በ1813 ናፖሊዮን ድል ለሆነበት ታላቅ ጦርነት መታሰቢያ ከተሠራው ከፍተኛ ሐውልት ብዙ አይርቅም። በ1932 በሜዳው ዳር ከእንጨት የታነጸ የተመልካቾች ሰገነት ተሠራ። ይህን ሰገነት አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉት እንወዳለን፤ ስሞቹ ሁሉ ሲለዋወጡ እርሱ ከቦታው አልተነሣምና።

የማኅበሩ የዚያ ዘመን የመጨረሻ ድል የተገኘው በ1937 ጃንዋሪ 3 ቀን ነው። በበርሊኑ የኦሎምፒክ ስታዲዮም በተደረገው የጀርመን ዋንጫ ፍጻሜ፣ በዘመኑ እጅግ ኀያል የነበረውን ሻልከን ሁለት ለአንድ አሸንፎ የ1936ን ዋንጫ ወሰደ።

መሥሪያ ቤት ያወጣው ስም

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን መሸነፍ ከተፈጸመ በኋላ አገሪቱን የተካፈሉት አራቱ መንግሥታት በ1945 ዲሴምበር ወር ከጦርነቱ በፊት የነበሩት የስፖርት ማኅበራት ሁሉ እንዲፈርሱ አዘዙ። በምዕራቡ ክፍል የነበሩት ክለቦች ግን ብዙ ሳይቈዩ የቀድሞ ስማቸውን መልሰው ያዙ። ላይፕዚግ በሶቪየት ኅብረት ይዞታ ውስጥ ስለ ነበረች ለፋው ኤፍ ቤ ይህ ዕድል አልደረሰውም። የአሮጌው ሥርዓት ቅሬታ ነው ተብሎ ስሙ ተከለከለ።

ሰዎቹ ግን እዚያው ሰፈር ነበሩ፤ ሜዳውም እዚያው ነበረ። ስለዚህ ከጦርነቱ በኋላ በሰፈሩ ስም «ፕሮብስትሃይዳ» ተብለው መጫወት ጀመሩ። ኋላም የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ስፖርትን ሁሉ በመሥሪያ ቤቶችና በሠራተኞች ማኅበራት ሥር ሲያደራጅ ስማቸው በላይፕዚግ ከንቲባ በኤሪክ ዛይግነር ተሰየመ። ጥቂት ቈይቶ «አይንሃይት ኦስት» ሆነ፤ ትርጓሜውም የምሥራቅ አንድነት ማለት ነው። በ1954 ክለቡ ለማተሚያ ቤትና ለጋዜጣ ሠራተኞች የስፖርት ማኅበር ተሰጠና በማተሚያ መኪና መሽከርከር ምሳሌ «ሮታሲዮን» ተባለ። በአገራችን ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በዚያ አገር ግን ስም የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ነበረ።

ከነዚህ ትእዛዞች ሁሉ ይልቅ ሊነገር የሚገባው የ1963ቱ ነው። የስፖርት ሹማምንቱ በላይፕዚግ ሁለት እኩል ክለቦች ከሚኖሩ አንድ ኀይለኛ ክለብ ይበልጣል ብለው አሰቡ። ስለዚህ በሁለቱ ክለቦች ውስጥ ያሉትን ተጫዋቾች መርምረው የላቁ የመሰሏቸውን «የላይፕዚግ ስፖርት ክለብ» በሚባለው አዲስ ክለብ ሰበሰቡ። የቀሩትን ደግሞ «ኬሚ ላይፕዚግ» ወደሚባለው ክለብ መደቧቸው። ሕዝቡም እነዚህን «የላይፕዚግ ትራፊ» አላቸው። ውድድሩ ተጀምሮ ዓመቱ ሲፈጸም በ1964 የምሥራቅ ጀርመን ሻምፒዮን የሆኑት የተመረጡት ሳይሆኑ ትራፊዎቹ ነበሩ። በጽሕፈት ቤት የተዘጋጀው መዝገብ የተጫዋቾቹን ችሎታ መዝግቦ ይሆናል፤ የተናቁ ሰዎች ተባብረው ሲነሡ ግን ምን ያህል እንደሚሠሩ ሊመዘግብ አልቻለም።

ከሦስት ዓመት በኋላ የእግር ኳሱ ክፍል ከሌላው ስፖርት ተለይቶ ራሱን እንዲችል ተፈቀደና በ1966 ጃንዋሪ 20 ቀን «አንደኛ የእግር ኳስ ክለብ ሎኮሞቲቭ» ተብሎ ተቋቋመ። ደጋፊ ሆኖ የተመደበለት መሥሪያ ቤት የአገሪቱ ምድር ባቡር ስለ ነበረ ስሙ ከዚያ መጣ። ይህ ስም እንደ ሌሎቹ ሁሉ ከላይ የተሰጠ ነበር። ሆኖም በአውሮፓ ከሚገኙት ታላላቅ የባቡር ጣቢያዎች አንዱ በላይፕዚግ ስላለ ለከተማው የሚስማማ ስም ሆነና ሕዝቡ ወደደው።

ወደ አቴና የተደረገው ጉዞ

ሎክ በምሥራቅ ጀርመን ዘመን የሊግ ሻምፒዮን ለመሆን አንድም ጊዜ አልታደለም። በ1988 እንኳ በነጥብ ከበርሊኑ ዲናሞ ጋር እኩል ሆኖ በግብ ልዩነት ብቻ ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ። ዲናሞ በጸጥታው መሥሪያ ቤት የሚደገፍ ክለብ ነበረ፤ በዚያን ጊዜ ከ1979 ጀምሮ በተከታታይ አሥር ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። ሎክ ግን የአገሪቱን ዋንጫ በ1976፣ በ1981፣ በ1986 እና በ1987 አራት ጊዜ ወስዷል። በ1974 ደግሞ በአውሮፓ የዩኤፋ ዋንጫ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በእንግሊዙ ቶተንሃም ተሸንፏል።

ከሁሉ ይልቅ በላይፕዚግ ሰው ልብ የቀረው የ1987 ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ሎክ በአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ውድድር እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰና ከፈረንሳዩ ቦርዶ ጋር ተመደበ። በቦርዶ ሜዳ አንድ ለባዶ አሸነፈ። የመልሱ ግጥሚያ ኤፕሪል 22 ቀን በላይፕዚጉ ማዕከላዊ ስታዲዮም ተደረገ። በመዝገብ የተጻፈው የተመልካች ቍጥር 73,000 ነው፤ ደጋፊዎቹ ግን እስከ ዛሬ 120,000 ነበርን ይላሉ። ጨዋታው እንደ ተጀመረ ቦርዶ አንድ ግብ አገባ፤ ከዚያ በኋላ በተጨመረው ሰዓት እንኳ ሌላ ግብ ስላልተገኘ በፍጹም ቅጣት ምት መለያየት ግድ ሆነ። የሎክ በረኛ ሬኔ ሙለር አድኖ አልበቃውም፤ የመጨረሻውን ምት ለመምታት ራሱ ከበሩ ወጥቶ ቀረበና ኳሷን ከመረቡ አሳረፋት። ሎክ ስድስት ለአምስት አሸነፈ።

ሜይ 13 ቀን በአቴና ከተማ በተደረገው ፍጻሜ ሎክ ከሆላንዱ አያክስ ጋር ገጠመ። የአያክስ አሠልጣኝ ዮሐን ክራይፍ ነበር። ማርኮ ፋን ባስተን በጭንቅላቱ ገጭቶ ባገባት አንዲት ግብ አያክስ አንድ ለባዶ አሸነፈ። ሎክ ዋንጫውን ባያገኝም ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ማዕርግ ዳግመኛ አልደረሰም።

አሮጌው ስም ተመልሶ መጣ

በ1989 ኦክቶበር 9 ቀን 70,000 ያህል የላይፕዚግ ሕዝብ በሰላም ለሰልፍ ወጣ። በተከታዩ ወር የበርሊን ግንብ ተከፈተ፤ በ1990 ሁለቱ ጀርመኖች አንድ ሆኑ። እስከዚያ ድረስ የምሥራቁን ክለቦች ይደግፉ የነበሩት መሥሪያ ቤቶች ገሚሶቹ ተዘጉ፣ ገሚሶቹም ስፖርቱን ተዉት። የተሻሉት ተጫዋቾችም ብዙ ገንዘብ ወደሚከፍሉት ወደ ምዕራብ ክለቦች ሄዱ።

የሎክ አለቆች በዚህ ጊዜ የአባቶችን ክብር ለመመለስ አስበው በ1991 የሎኮሞቲቭን ስም ትተው ፋው ኤፍ ቤ ላይፕዚግ የሚለውን አሮጌ ስም መልሰው ወሰዱ። በ1993 ክለቡ ወደ ቡንደስሊጋ፣ ይኸውም ወደ ጀርመን የመጀመሪያው ዲቪዚዮን፣ አለፈ። ደስታው ግን ከአንድ ዓመት አልዘለቀም። በ1994 ከ34 ግጥሚያ ሦስት ብቻ አሸንፎ የመጨረሻውን ሥፍራ ይዞ ወረደ። ከዚያ በኋላ ዕዳው እየከበደ፣ ተመልካቹ እየሳሳ፣ ዲቪዚዮኑም እየወረደ ሄደ። ክለቡ ዕዳውን መክፈል ተስኖት ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ፍርድ ከቀረበ በኋላ በ2004 ፈረሰ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ማመልከት እንወዳለን። ፋው ኤፍ ቤ የሚለው ስም የተከበረ ስም ነበር፤ ይሁንና በ1991 ከነበሩት ደጋፊዎች አብዛኞቹ ልጅ ሆነው ከአባቶቻቸው ጋር ሜዳ የገቡት ሎክን ብለው ነው። የሽማግሌዎቹ መታሰቢያ ከመዝገብ ተፈልጎ ሲወጣ፣ የወጣቶቹ መታሰቢያ በዚያው ቀን ወደ መዝገብ ገባ። በመንግሥት ትእዛዝ የተሰጠው ስም ሃያ አምስት ዓመት ኖሮ የሕዝብ ስም ሆኖ ነበርና።

ከአሥራ አንደኛው ዲቪዚዮን

አሮጌው ክለብ ከመፍረሱ በፊት በ2003 ዲሴምበር 10 ቀን ጥቂት ደጋፊዎች ተሰብስበው «አንደኛ የእግር ኳስ ክለብ ሎኮሞቲቭ ላይፕዚግ» የሚለውን ስም እንደ ገና አቋቋሙት። በዚህ ጊዜ ያዘዛቸው መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ የሚረዳቸው ባለጠጋም አልነበረም። ሕጉ አዲስ ማኅበር ከሁሉ በታች ጀምሮ እንዲወጣ ስለሚያዝ በ2004 ውድድር የጀመሩት በአሥራ አንደኛው ዲቪዚዮን ነው። በዚህ ዲቪዚዮን የሚጫወቱት የየመንደሩ ቡድኖች ናቸው፤ ተመልካቾቹም ብዙውን ጊዜ የተጫዋቾቹ ቤተ ሰቦችና ጎረቤቶች ናቸው።

ነገር ግን በ2004 ኦክቶበር 9 ቀን ሎክ የግሮስዶይበንን ሁለተኛ ቡድን በማዕከላዊው ስታዲዮም በገጠመ ጊዜ 12,421 ሰው ገብቶ ተመለከተ። በእንደዚህ ያለው የመጨረሻ ዲቪዚዮን ይህን ያህል ተመልካች መገኘቱ እጅግ አስደናቂ ሆኖ በየአገሩ ጋዜጣ ተወራ። በአቴና የተጫወተውን ቡድን ለማየት ይመጡ የነበሩት ሰዎች አሁን የመንደር ጨዋታ ለማየት ትኬት ቈረጡ።

ከዚያ ወዲህ ክለቡ በከፊል በሜዳ ላይ በማሸነፍ፣ በከፊልም ከቶርጋው ከተማ ክለብ ጋር በመዋሐድ ደረጃ በደረጃ ወጣ። በ2008 አምስተኛው ዲቪዚዮን ደረሰ፤ በ2012 አራተኛው ገባ። በ2014 ወርዶ በ2016 ተመለሰ። የሚጫወተውም በዚያው በፕሮብስትሃይዳ ሜዳ፣ በዚያው ከእንጨት በተሠራው ሰገነት ፊት ነው።

የዚህ ክለብ ታሪክ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው ብለን ብንጽፍ ግን አንባቢን ማታለል ይሆንብናል። በ2007 ፌብሩዋሪ ወር በአንድ የዋንጫ ግጥሚያ ፍጻሜ ላይ በደጋፊነት ስም የመጡ ረብሸኞች ፖሊሶችን ደብድበው ብዙዎችን አቈሰሉ። የክፍለ ሀገሩ የኳስ ፌዴሬሽንም በሚቀጥለው ሳምንት ሊደረጉ የነበሩትን ግጥሚያዎች ሰረዘ። ስምን ከመጥፋት የሚያድኑት ሰዎች ናቸው፤ የሚያሳድፉትም ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የክለቡ አለቆች ግብ ከመቍጠር ሌላ ይህን ክፉ ጠባይ የማራቅ ሥራም ወድቆባቸዋል።

ባለጠጋው ጎረቤትና ጠባቡ በር

በ2009 ለስላሳ መጠጥ የሚሠራው የኦስትሪያ ኩባንያ ሬድ ቡል በላይፕዚግ አጠገብ የነበረውን የማርክራንሽቴትን ክለብ ቦታ ተረክቦ በብዙ ገንዘብ አዲስ ክለብ አቋቋመ። ይህ ክለብ በሰባት ዓመት ውስጥ ከአምስተኛው ዲቪዚዮን ተነሥቶ በ2016 ቡንደስሊጋ ገባ። የሚጫወተውም ሎክ ቦርዶን ባሸነፈበት በማዕከላዊው ስታዲዮም ቦታ ላይ በተሠራው አዲስ ስታዲዮም ነው። የከተማው ሕዝብ ታላላቅ ቡድኖችን ለማየት በመቻሉ ብዙዎች ተደስተዋል፤ ይህን ልንነቅፍ አንችልም። ሆኖም አንዱ ከተማ ሁለት ዓይነት ክለብ እንዳለው ማየት ይቻላል፤ አንዱ በገንዘብ ተተክሎ የጸደቀ፣ ሁለተኛው ተቈርጦ ከሥሩ ያቈጠቈጠ ነው።

ለሎክ ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን የሚያስገባው በር በጣም ጠባብ ሆኖበታል። አራተኛው ዲቪዚዮን በአምስት ክፍላተ ሀገር የተከፈለ ሲሆን ወደ ላይ የሚያልፉት ግን አራት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከአምስቱ አሸናፊዎች ሁለቱ እርስ በርሳቸው መጋጠምና አንደኛው መቅረት አለበት። ሎክ በ2020 የሰሜን ምሥራቁ ክፍል አሸናፊ ሆኖ ከፌርል ክለብ ጋር ገጠመ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ለሁለት፣ በሁለተኛው አንድ ለአንድ ወጡ፤ ሎክ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ፣ ፌርል ከሜዳው ውጭ ብዙ ግብ አግብቷል ተብሎ እርሱ አለፈ። በ2025 ሎክ እንደ ገና የክፍሉ አሸናፊ ሆነ፤ በዚህ ጊዜም ከሀቨልሰ ክለብ ጋር ገጥሞ ተሸነፈና ሳያልፍ ቀረ።

በዚያው በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ጨዋታዎች ሁሉ ተዘግተው ገቢ በጠፋ ጊዜ ክለቡ አንድ ብልሃት አሰበ። ተጋጣሚ ለሌለበት፣ ተመልካችም ለማይገባበት፣ በሐሳብ ብቻ ለሚደረግ ግጥሚያ የአንድ አንድ ዩሮ ትኬት ለሽያጭ አቀረበ። ያሰበውም በቦርዶው ቀን ነበሩ የሚባሉትን 120,000 ተመልካቾች በቍጥር ለመብለጥ ነው። ከላይፕዚግም ከሌላም አገር ሰዎች ገዙና ቍጥሩ ከ120,000 አለፈ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለው ያገራችን ተረት የተፈጸመው በዚህ ዓይነት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ምክር ይህ ነው። ባለሥልጣን ማኅበርን ሊያቋቁም፣ ሊከፍል፣ ሊያዋሕድና ሊያፈርስ ይችላል፤ የላይፕዚግ ክለብ ይህ ሁሉ ደርሶበታል። የተሰጠው ስም የሚሠራው ግን ሰዎቹ የራሳችን ነው ብለው ሲቀበሉት ነው። ሰዎቹ የያዙት ስም ሲሻር ደግሞ ለጊዜው ዝም ይላሉ እንጂ አይረሱትም። ማኅበርን ለመርዳት የሚሻ ሹም አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ማን በየሳምንቱ ወደዚያ እንደሚሄድና ለምን እንደሚሄድ ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የሎክ ስም ከመቃብር በላይ የዋለው ግን በራሱ ኀይል አይደለም፤ በአሥራ አንደኛው ዲቪዚዮን ሳይቀር ትኬት ቈርጠው የገቡ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።